ሸክላ አሳታሚው አምኃ እሸቴ

አንድ ዘፈን ሲደመጥ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዘፋኙ ነው። ድምፁ ያማረ እንደ ሆነ ዘፋኙ ይመሰገናል፤ ግጥሙ ልብ የሚነካ እንደ ሆነ አልፎ አልፎ ደራሲው ይታወሳል፤ ሙዚቃ ዐዋቂ የሆነ ሰው ደግሞ «ይህን ሳክስፎን የነፋው ማን ይሆን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገር ግን «ይህ ዘፈን በሸክላ እንዲታተም ገንዘቡን ያወጣው፣ ኪሳራ ቢመጣ ሊሸከም የቆረጠው፣ ቴፑን ወደ ባሕር ማዶ ልኮ ሸክላውን ያስመጣው ማን ነው?» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በዛሬው ሰንበት ለአንባቢዎቼ ላነሣላቸው የፈለግሁት ሰው ለዚህ ላልተጠየቀ ጥያቄ መልስ የሚሆኑ ናቸው። ስማቸው አቶ አምኃ እሸቴ ይባላል።

አቶ አምኃ ከዘፋኞች ተራ የሚቆጠሩ ወይም ፒያኖና ጊታር በመጫወት የሚታወቁ ሰው አልነበሩም። ሥራቸው ንግድ ነበር። ቢሆንም ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ ውስጥ «አምኃ ሪከርድስ» በተባለው የንግድ ምልክታቸው 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚደርሱ ትልልቅ ሸክላዎችን አሳትመዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ሒሳቡን ስናሰላው ትንንሾቹ ሸክላዎች ብቻ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ያህል ወጥተዋል ማለት ነው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እየተባለ በየሬዲዮው ከሚነሣው ሙዚቃ እጅግ የሚበዛው የዚህ የስድስት ዓመት ሥራ ፍሬ ነው።

ለመሆኑ ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ አልወጣም ነበርን? ወጥቶ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ሳሉ በርሊን ከተማ ውስጥ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። እኒህ ነጋድራስ ለእግር ኳስ ወዳጆችም ባዕድ አይደሉም፤ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት የመሩት የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸውና። በሸክላ ታሪካችን ውስጥ «እሸቴ» የሚለው የአባት ስም ደጋግሞ መምጣቱ ያስገርማል። ከዚህ በታች ሦስተኛውን እናገኛለን። ነገሩ ግን የስም መገጣጠም ነውና አንባቢ የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ እንዳይመስለው።

ከነጋድራስ ተሰማ ወዲህ ሥራው እየሰፋ ይሄዳል ተብሎ ሲጠበቅ እንዲያውም ጠበበ። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ መሠረት ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ሀገር ፍቅር በ1935 የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በተቃረበ ጊዜ ሕዝቡን በአገር ፍቅር ለማነቃቃት የተቋቋመ የተከበረ ማኅበር መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ቲያትር ማሳየት አንድ ሙያ ነው፤ ሸክላ አሳትሞ መሸጥ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ማኅበሩ በተሰጠው መብት የሠራበት በጥቂቱ ነበር። ራሱ ብዙ የማይሠራበትን መብት ለሌላው መከልከሉ ግን በሕግ ጸና። በሩ የተቆለፈ፣ ቁልፉም በማይከፍት ሰው እጅ ያለ ቤት እንደ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የሙዚቃ ሰው የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት፣ እንዲሁም በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ማለት ነው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ አርመናዊ መምህራን ኖታ እያስተማሩ፣ ያገሩን ዜማ ለነሐስ መሣሪያ እንዲመች አድርገው እያቀናበሩ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የወጡ ናቸው። ዘፋኙ ደመወዝተኛ ነበር፤ የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ በአለቃ ይታዘዛል።

ታዲያ ያ ሁሉ ድምፅ ወዴት ሄደ? በአዳራሹ ተዘፈነ፣ ተጨበጨበለት፣ በዚያው ቀረ። ጥቂቱ በሬዲዮ ጣቢያ ቴፕ ላይ ተቀረጸ። አንድ የመሸንቲ ሰው ጥላሁንን ለመስማት ቢፈልግ ወይ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት መፈለግ፣ ወይ የአዲስ አበባን መንገድ መያዝ ነበረበት። ሬዲዮውም ቢሆን ሲፈልግ ይዘፍናል እንጂ አድማጩ በፈለገ ጊዜ አይዘፍንም። ሸክላ ግን የገዛው ሰው ንብረት ነው፤ ሌሊትም ይሁን ቀን መርፌውን ባሳረፈበት ጊዜ ይዘፍንለታል። ልዩነቱ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ አንድ ዜማ ልቡን ነክቶት ዳግመኛ ሳያገኘው የቀረበትን ቀን ያስታውስ።

አቶ አምኃ በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ መደብር ነበራቸው። የአሜሪካ፣ የሱዳን፣ የሕንድ፣ የሌላም አገር ሸክላ ይሸጡ ነበር። ገዢው ወጣት ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ የማይሰማውን ቋንቋ ይዞ ይሄዳል። ነጋዴ የሚባል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት ገዢው ምን እንደ ገዛ ብቻ ሳይሆን ምን ፈልጎ እንዳጣ ጭምር ነው። ኢትዮጵያዊው ደንበኛ ከመደርደሪያው ላይ ያጣው የገዛ ቋንቋውን ነበር። ከተማው በማታ በየክበቡና በየሆቴሉ በአማርኛ ዘፈን ሲናወጥ እያደረ፣ ጧት ሱቅ ሲከፈት ግን ከዚያ ዘፈን አንዱ እንኳ የሚሸጥ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ አቶ አምኃ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እንደ እኔ ያለ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ዛሬ ሥራ የሚያፈላልግ ሰው ይህን ዕድሜ ሲሰማ በሐሳብ መያዙ አይቀርም። ድንጋጌው መኖሩን ያውቃሉ። መብቱ የማኅበሩ ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። በኋላ ዘመን ነገሩን ሲያስታውሱ እንደ ተናገሩት፣ ያን ጊዜ ያሰሉት ሒሳብ አጭር ነበር፤ ለዚህ ብሎ የሚገድለኝ የለም፤ ቢበዛ ጥቂት ጊዜ ታስሬ እወጣለሁ የሚል ነው። ይህን አነጋገር ጀግንነት የሚለው ብዙ ነው። እኔ ግን የነጋዴ ሒሳብ ማለቱን እመርጣለሁ። ትርፉንና ኪሳራውን በሚዛን አስቀምጠው እስሩን ከኪሳራው በኩል ጻፉት፤ አመዛዘኑት፤ ገቡበት።

የመጀመሪያው ሸክላ በ1969 ወጣ። ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነበሩ፤ ከዘፈኖቹም አንዱ «ትማርኪያለሽ» የሚለው ነው። በአገሩ ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀረጸው ቴፕ ወደ ሕንድ አገር ተልኮ እዚያ ታተመ፤ በኋላ ደግሞ የኅትመቱ ሥራ ወደ ሊባኖስ ዞረ። የተፈራው እስር አልመጣም። በምትኩ ገዢ መጣ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የሚፈልግ ሕዝብ መኖሩ በአንድ ጊዜ ታወቀ፤ አንድ ጊዜ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ድንጋጌው በወረቀት ላይ እንጂ በገበያ ላይ ኃይል አልነበረውም። ብዙ ሳይቆይ ሌሎችም በዚሁ መንገድ ገቡ። ከእነዚህም መካከል «ካይፋ ሪከርድስ»ን ያቋቋሙት፣ ሕዝቡ ዓሊ ታንጎ እያለ የሚጠራቸው አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ በ1975 የማሕሙድ አሕመድን «እረ መላ መላ» በማሳተማቸው ስማቸው ሲነሣ ይኖራል።

እዚህ ላይ «ሸክላ አሳታሚ» የምንለው ሰው በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ያስፈልጋል። ዛሬ «ፕሮዲዩሰር» እየተባለ ይጠራል። ከመጽሐፍ አሳታሚ ጋር ቢመሳሰልም ድካሙ ይበልጣል፤ መጽሐፍ አሳታሚ ተጽፎ ያለቀ ነገር ይቀበላል፤ ሸክላ አሳታሚ ግን ገና ያልተሠራውን ያሠራል። መጀመሪያ ዘፋኙን ይመርጣል። ቀጥሎ ለዘፋኙ የሚስማማ ግጥምና ዜማ ይፈልጋል፤ አቀናባሪው ለእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻውን እንዲያዘጋጅ ያደርጋል፤ ባንድ ይከራያል። በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው ከበሮውን ሰኞ፣ ጊታሩን ማክሰኞ፣ ድምፁን ረቡዕ ቀርጾ ማጣበቅ አልነበረም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፣ ዘፋኙም አብሮ ይዘፍናል፤ መለከት ነፊው ቢሳሳት ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ሲሆን በአንዱ ፊት የሚይዘው ከሦስትና ከአራት ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ በአዳራሽ ውስጥ ሲረዝም የሚያምር ዘፈን ለሸክላ ሲባል ይታጠራል፤ የትኛው ስንኝ እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚቆይ መወሰን አለበት። እነዚያ ዘፈኖች ዛሬም የማይሰለቹበት አንዱ ምክንያት ይኸው እጥረት ይመስለኛል። ለማንዛዛት ቦታ አልነበራቸውም።

ቴፑ ከተቀረጸ በኋላ ወደ ውጭ አገር ይላካል። ስንት ሺህ ቅጂ ይታተም? ቢያንስ ገዢ ሱቅ ደርሶ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቢበዛ ሸክላው መጋዘን ውስጥ አቧራ ይለብሳል። ዘፋኙና ባንዱ ግን ሸክላው ተሸጠም አልተሸጠም ዋጋቸው ሊከፈል ይገባል። ገንዘቡ ከአንድ ሰው ኪስ ይወጣል፤ ተመልሶ የሚገባው ደግሞ ሳንቲም በሳንቲም ነው።

አንባቢ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ፋብሪካም ስቱዲዮም በሌለበት አገር ነውና ምን ይደረጋል!» ይል ይሆናል። በበለጸገው አገርም ቢሆን ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ ልሥራ ያለ ሰው እንዲሁ ነበር። በለንደን ከተማ ሆሎዌይ መንገድ በሚባለው ሥፍራ፣ ቍጥር 304፣ ከአንድ የቆዳ ዕቃ መሸጫ ሱቅ በላይ ሚስተር ጆ ሚክ የተባሉ እንግሊዛዊ ዜማ ደራሲና ሸክላ አሳታሚ ይኖሩ ነበር። የሚኖሩበትን ቤት ስቱዲዮ አድርገውት አንዱን ተጫዋች በአንዱ ክፍል፣ ሌላውን በደረጃው ላይ፣ ዘፋኙን በመታጠቢያ ቤት እያቆሙ ይቀርጹ ነበር። የሚገርመው ሚስተር ሚክ ኖታ ማንበብም ሆነ መሣሪያ መጫወት አይችሉም ነበር። ዜማው ሲመጣላቸው በአፋቸው እያንጎራጎሩ በቴፕ ይቀርጹትና ሙዚቀኛ ጠርተው ያስተካክሉት ነበር። በ1962 «ቴልስታር» የተባለውን ያለ ግጥም የሚሰማ ዜማቸውን ቶርኔዶስ ከተባለው ባንድ ጋር አሳተሙ። ስሙ በዚያው ዓመት ወደ ጠፈር ከመጠቀችው ሳተላይት የተወሰደ ነው። ሸክላው በአሜሪካ ገበያ አንደኛ ወጣ፤ ከእንግሊዝ ባንዶች ለዚህ ማዕርግ የበቃ ቶርኔዶስ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያስ በኋላ? አንድ ፈረንሳዊ ደራሲ «ዜማው የእኔ ነው» ብለው በፍርድ ቤት ከሰሱ፤ የደራሲው ድርሻ ገንዘብም ታገደ። ሚስተር ሚክ በ1967 ሞቱ፤ ፍርዱ ለእርሳቸው የተፈረደላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። መላው ዓለም ያፏጨው ዜማ ባለቤት በዕዳ ተይዘው አለፉ። ይህን እዚህ ያነሣሁት ዘፈን የሚታይ ፍሬ እንጂ የሚታይ አጥር የሌለው ንብረት መሆኑን ለማሳየት ነው። ወደ እኛው አገር ስንመለስም ይኸው ጉዳይ ይጠብቀናል።

ከአቶ አምኃ ጋር ከሠሩት አቀናባሪዎች ሁለቱን ሳልጠቅስ ባልፍ አግባብ አይሆንም። አንደኛው ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። በእንግሊዝ አገር በዌልስና በለንደን፣ ኋላም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተምረው የተመለሱ፣ የኢትዮጵያን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያዋደዱ ሰው ናቸው። «የካቲት» የተባለው ትልቁ ሸክላቸው በአምኃ ሪከርድስ የታተመው በ1974፣ የካቲት የሚለው የወር ስም ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ትርጕም ባገኘበት ዓመት ነው። ሁለተኛው ግርማ በየነ ናቸው። ሕዝቡ በስም ብዙ ባያውቃቸውም በዚያ ዘመን ከ60 በላይ ዘፈኖች አቀናብረዋል፤ ራሳቸው የዘፈኑት ግን እጅግ ጥቂት ነው። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጕዘው እዚያው ቀሩ፤ ለብዙ ዓመታትም ከሙዚቃ ራቁ። ተመልሰው ከአንድ የፈረንሳይ ባንድ ጋር የሠሩት አዲስ ሸክላ በ2017 ሲወጣ በአገሩ ብዙ ያልተነገረለት ስማቸው በፓሪስ ጋዜጦች ዘንድ እንግዳ አልነበረም።

ከዘፋኞቹም መካከል ለእኛ ለዚህ አገር ሰዎች የሚቀርቡን ሙሉቀን መለሰ ናቸው። ጎጃም ተወልደው ገና በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገቡ፤ ጢም ሳያወጡ በክበብ መዝፈን ጀመሩ። በአምኃ ሪከርድስ «ሄደች አሉ»ን ያስቀረጹት ጕልምስና ሳይጀምራቸው ነው። ተሾመ ምትኩና ሰይፉ ዮሐንስም ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው። ተሾመ ወደ ስዊድን ሄዱ፤ ሰይፉ በወጣትነታቸው ዐረፉ። ከሰይፉ ዮሐንስ ድምፅ ዛሬ የምናውቀው ያ ነጋዴ ቀርጾ ያስቀረልንን ነው። ባይቀረጽ ኖሮ ስማቸውን የሚያነሡት በማታ ክበብ ተገኝተው የሰሙ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ይሆኑ ነበር።

በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ ማታ የሚኖር ሙዚቃ በሰዓት እላፊ ውስጥ እንዴት አድርጎ ይኖራል? ክበቦቹ እየተዘጉ፣ ባንዶቹ በሆቴል ግቢ እየተወሰኑ ሄዱ። ካሴትም መጣ፤ ካሴት ደግሞ ለአሳታሚው መልካም ዜና አልነበረም። ሸክላን በየቤቱ መገልበጥ አይቻልም፤ ካሴት ግን ሁለት መቅረጫ ያለው ሰው ሁሉ ያባዛዋል። አቶ አምኃ በ1975 አገራቸውን ትተው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ዋሽንግተን ውስጥ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ስሙንም «ብሉ ናይል» አሉት። ከጣና ዳር ተነሥቶ የሚወርደው የእኛው ዓባይ እንደ ምግብ ቤት ስም በፖቶማክ ወንዝ ከተማ ተሰቀለ ማለት ነው።

ሸክላዎቹ ግን በየሰዉ ቤት ነበሩ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ የማሕሙድን ድምፅ በአጋጣሚ ሰምተው በ1980ዎቹ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ጀመሩ። ከአቶ አምኃ ጋር ተስማምተው የድሮዎቹን ዘፈኖች «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ርእስ በፓሪስ አሳተሙ፤ የመጀመሪያው ቅጽ የአምኃ ሪከርድስ ሥራ ነው። ተከታታዩ ከ30 ቅጽ ዐልፏል። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባሉት አሜሪካዊ የፊልም ዳይሬክተር በአንድ ፊልማቸው ውስጥ የሙላቱን ዜማዎች አስገቡ። በ2010 ደግሞ ናስ የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚየን ማርሊ በጋራ ባወጡት አልበም ውስጥ ከ«የግሌ ትዝታ» የተቈረጠ ድምፅ ተሰማ። አርባ ዓመት ያህል ቀድሞ በአዲስ አበባ በአንድ ነጋዴ ገንዘብ የተቀረጸ ዜማ ማለት ነው።

አሁን ወደ አጥሩ ነገር እንመለስ። በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት። ራሱን የቻለ የቅጂ መብት አዋጅ የወጣው ግን በ1996 ዓ.ም. ሲሆን ቍጥሩ 410 ነው። አዋጁ ከደራሲውና ከዘፋኙ ሌላ የድምፅ አሳታሚውንም ባለ መብት አድርጎ ቈጥሮታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለአሳታሚው የሰጠው የጥበቃ ዘመን 50 ዓመት ነው። በዚህ ሒሳብ ከሄድን በ1969 የታተመው የመጀመሪያው ሸክላ 50 ዓመቱን በ2019 ጨርሷል፤ በ1975 የታተመው የመጨረሻውም በ2025 ላይ ዕድሜው እንዲሁ ሞልቷል። አሳታሚው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ በስሙ የተጠራው ከዘመኑ ሦስት እጅ ሁለቱ ካለፈ በኋላ ነበር። ለግጥምና ለዜማ ደራሲው አዋጁ የሰጠው ዘመን ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ስለ ሆነ የእርሱ መብት ገና ይቀጥላል። ለመቀጠሉ ግን መጀመሪያ ደራሲው ማን እንደ ነበረ መታወቅ አለበት።

በቅርቡ ከባሕር ዳር ወደ መሸንቲ በሚኒባስ ስመለስ ሾፌሩ «ሄደች አሉ»ን ከፍቶ ነበር። ረዳቱን «ወንድሜ፣ ይህን የዘፈነው ማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው ሳያመነታ «ጥላሁን ነዋ!» አለኝ። ከኋላዬ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው «ኧረ ልጄ፣ ምን ጥላሁን ነው! ይኸማ ሙሉቀን ነው፤ የጎጃሙ» አሉ። ሾፌሩም «ልክ ነዎት እማማ» ብሎ ድምፁን ጨመረላቸው። ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው ፍላሹን በጣቱ አሳየኝ። ከአራት መቶ የሚበልጡ ዘፈኖች አሉበት፤ ሁሉም «የድሮ» በሚል አንድ ስም ሥር በተራ ቍጥር ብቻ ተደርድረዋል። ዘፋኝ የለም፣ ደራሲ የለም፣ ባንድ የለም፣ አሳታሚ የለም። እነዚያ እናት ባይሳፈሩ ኖሮ ሙሉቀን በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ጥላሁን ሆነው ይቀሩ ነበር። የድሮው ሸክላ መካከሉ ላይ ክብ ወረቀት ተለጥፎበት የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርእስ፣ የባንዱ ስምና የአሳታሚው ምልክት ከነቍጥሩ ይጻፍበት ነበር። የአቀናባሪው ስም እንኳ አንዳንድ ጊዜ ይቀር እንደ ነበረ አልክድም። ቢሆንም ወረቀት ነበረው። ፍላሽ ወረቀት የለውም።

አቶ አምኃ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሲኖሩ ቈይተው በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተከተሏቸው። የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመውና የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነው በአንድ ዓመት ውስጥ ሄዱ። የጋዜጦቹን የኀዘን ዜና አይቻለሁ። ለዘፋኙ ሙሉ ገጽ፣ ለአሳታሚው ከዚያ ያነሰ።

በመሸንቲና በአካባቢዋ የሠርግ ሰሞን ሲደርስ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ አይጠፋም። ባለፈው ሰሞን ካየኋቸው መካከል አንዱ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ ሰው ናቸው፤ ግጥሙን እዚያው እየፈጠሩ፣ የሙሽራውን አያት፣ የሚዜውን ጫማ፣ የዳሱን ጣራ ሳይቀር በስንኝ እያስገቡ ቤቱን በሣቅ አናወጡት። በዙሪያቸው ሠላሳ ያህል ስልክ ተዘርግቶ ነበር። በማግሥቱ ዘፈኑን በቲክቶክ ላይ አገኘሁት፤ የቀረጸው ልጅ ስም ተጽፎበታል፣ የአዝማሪው ስም ግን የለም። ቆይቼ ሳገኛቸው «ለመሆኑ ሥራዎትን አሳትመው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ማሲንቋቸውን በሸማ እየጠቀለሉ ቀና ብለው አዩኝና፣

«ልጄ፣ ዜማውስ ሞልቷል። ገንዘቡን የሚያወጣው ማን ነው?» አሉኝ።